የአበቡ እርቅ

ልክነሽ የደከማት ዛሬ አይደለም። ባሏ በእናት አገር ጥሪ ከሚሊሺያው ጋር ወደ ምሥራቅ ዘምቶ የውሃ ሽታ ሆኖ ከቀረ ጀምሮ ደክሟታል። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ከሆነች ወዲህ ደግሞ ድካሙ ማዕረግ ተጨመረበት እንጂ አልቀነሰም። ፈልጋ የተሾመች እንዳይመስላችሁ። በምርጫው ስብሰባ ላይ ሁሉም ሴት አንገቱን ደፍቶ ሳለ እሷ ያዘለችው ልጅ አለቀሰባትና ልታባብለው ብድግ አለች። "ጎሽ! ጓድ ልክነሽ ፈቃደኛ ሆነዋል!" ተባለ፤ በጭብጨባ ጸደቀ፤ አለቀ።

የጸሎት ቤት ሰው ናት። ጸሎት ቤቱ ከታሸገ ወዲህ ግን የምትጸልየው ድስት እያማሰለች፣ ዓይኗን ሳትጨፍን ነው። ጠዋት የማኅበሩን እርሻ ታስቆፍራለች፣ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ትቀመጣለች፣ ወደ ማታ ቤቷ ስትደርስ የተጣሉ ባልና ሚስት ደጃፏ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቋታል። የታችኛው ሰፈር የሲቀላ ሙቀት ሲጨመርበት ሰው ይቅርና ድንጋይም ይሰለቻል።

ነገሩ የሆነው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት፣ በቆሎው ማሸት በጀመረበት ሰሞን ነው። አንዲት የማኅበሩ አባል እርሻው ላይ ዶማዋን ተደግፋ፣ ግራ ቀኟን አየት አድርጋ፣ "እትዬ ልክነሽ፣ የዳልጮ ልጅ የት እንዳለች ሰምተሻል?" አለቻት።

"አበቡ? ጨንቻ አክስቷ ጋ ሄደች አላሉም?"

"ምን ጨንቻ ትሄዳለች! ውቢት ቡና ቤት ናት።"

ልክነሽ ዶማዋን እዚያው ጥላ እናቷ እንደሞተችባት ሴት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ለምን እንደተቀመጠች ለመረዳት ወደ ኋላ ሁለት ዓመት መሄድ ያስፈልጋል።

አበቡ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያጠምደው የዳልጮ ልጅ ናት። ዳልጮ ሚስቱ እስክትሞት ድረስ ማንም ክፉ የማያወራበት ሰው ነበር። ከሞተች በኋላ መጠጣት ጀመረ፤ ሲጠጣ ደግሞ ይማታል። ቤት ውስጥ የቀረችው አበቡ ብቻ ስለነበረች የሚማታው እሷን ነበር፤ በእጁ፣ በቀበቶ፣ አንዳንዴም በጀልባው መቅዘፊያ። ልጅቷ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት አንድ ዓይኗ አብጦ እንደተደፈነ እየሮጠች ልክነሽ ቤት ገባች።

ልክነሽ ያኔ ማንም የጋሞ ሰው የሚያደርገውን አደረገች። ሽማግሌ ጠራች። አባባ ኦይታ ሌሎቹን ሽማግሎች አስከትለው፣ እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው መጡ። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከልህ እምቢ አይባልም። ደም የተቃባ እንኳ እምቢ አይልም። እርቁ ከወረደ በኋላ ደግሞ ያንን ነገር መልሶ ማንሳት ጎሜ ነው፤ ጎሜ የነካው ቤት ከብቱ ያልቃል፣ ልጁ ይታመማል፣ ለአገሩም ዝናብ ይጠፋል ይባላል። የጸሎት ቤት ሰዎች በጎሜ አናምንም ይላሉ። ይላሉ እንጂ፣ ሳር ለያዘ ሽማግሌ ጀርባውን የሰጠ የጸሎት ቤት ሰው ልክነሽ እስካሁን አላየችም።

ሽማግሎቹ ታዲያ የተንበረከኩት ለማን ይመስላችኋል? ለዳልጮ ነው! ከቤት ወጥታ ያዋረደችውን ልጁን ይቅር እንዲላት ለመኑት። ዳልጮ አለቀሰ። ከእንግዲህ እጄን አላነሳባትም ብሎ ማለ። አበቡ ባልተደፈነው ዓይኗ መሬት መሬት እያየች ጉልበቱን ሳመች፤ ሽማግሎቹ መረቁ፤ አንድ ላይ ተበላ። ልክነሽም ደግ ሥራ የሠራች መስሏት ያን ቀን ቀለል ብሏት ዋለች።

ዳልጮ መሐላውን ወር አላደረሰውም። አሁን ግን ልጅቷ የምትናገርበት አፍ አልነበራትም። ነገሩ በሳር ያለቀ ነገር ነዋ! ጎረቤት ጋ ስትሮጥ ጎረቤቶቿ ፊቷን አጥበው፣ አብልተው፣ "ተይ ልጄ፣ ያለቀ ነገር አታንሺ፣ ጎሜ በራስሽ ላይ አትጥሪ" ብለው መለሷት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ልክነሽ ራሷ አንድ ቀን ገበያ ላይ አግኝታት ከንፈሯ ተሰንጥቆ አይታ ምን ሆንሽ ብትላት "ወድቄ ነው" አለቻት። ልክነሽም አመነች። ማመን ይቀል ነበርና አመነች።

እንግዲህ ልጅቷ ውቢት ቤት ናት ሲባል ልክነሽ መሬት ላይ የተቀመጠችው ለዚህ ነው።

የውቢት ቡና ቤት አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ልክነሽ ስትደርስ ወለሉ ውሃ ተደፍቶበት ይጠረግ ነበር። አበቡ ጥግ ላይ ቆማ ብርጭቆ ታጥባለች። ቁመቷ ጨምሯል። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምታለች፣ የማታው የከንፈር ቀለም ሳይለቅ ጠዋት ላይ ደርሷል። ልክነሽን ስታይ ብርጭቆውን አልጣለችም፣ አልደነገጠችም፣ ሰላምም አላለችም። ማጠቧን ቀጠለች።

"ምነው እትዬ ልክነሽ፣ በጠዋቱ ለስብሰባ ልትጠሪን ነው?" አለች ውቢት ከባንኮኒው ጀርባ። ውቢት ፊቷ ፈገግታ የማያጣው፣ በአርባዎቹ ያለች ሴት ናት።

"ልጅቷን ልወስዳት ነው የመጣሁት።"

"የት?"

ልክነሽ ልጅቷን አየቻት፤ የምትወስድበትን አላሰበችበትም። ውቢት ይህንን አወቀችና ፈገግታዋን ሰበሰበች።

"ስሚኝማ፣ ስትመታ የት ነበራችሁ? በሌሊት በአንድ ቀሚስ መናኸሪያው ጥግ ተኮራምታ ያገኘኋት እኔ ነኝ። ማነው ፊትሽን እንዲህ ያደረገው ብዬ የጠየቅኋት እኔ ነኝ። እናንተ ሳራችሁን ይዛችሁ ዞራችሁ፣ አፏን ዘግታችሁ፣ አሁን ደግሞ ልውሰዳት?"

እውነቷን ነበር፤ ልክነሽን ያቃጠላትም ይኸው ነው። ውቢት እውነት ትናገራለች፣ እውነቱን ግን የምትነግድበት ሴት ናት። ደላላ ከሩቅ በሬ እንደሚያውቅ ሁሉ ውቢትም የተመታ ልጅ ታውቃለች፦ ማንም ፈልጎ የማይመጣላትን፣ ድምፅ ከፍ ሲል የምትሸማቀቀውን፣ አንዲት ደግ ቃል ካገኘች ያንን ቃል ላለማጣት የታዘዘችውን ሁሉ የምታደርገውን። መጀመሪያ አበላቻት፤ አስተኛቻት፤ ጫማ ገዛችላት፤ ለጥቂት ሳምንታት ብርጭቆ ከማጠብ በቀር ምንም አላዘዘቻትም። ከዚያ አንድ ቀን "የኔ ቆንጆ፣ እኚህ ጓድ ትልቅ ሰው ናቸው፣ እንዳታስቀይሚያቸው" አለቻት። ልክነሽ ይህን ሁሉ የሰማችው በኋላ፣ ቁርጥራጩን ከአበቡ አፍ እየለቀመች ነው። ያን ጠዋት ግን የከንፈሩን ቀለምና የልጅቷን ዓይን ማየቷ በቂ ነበር። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ዐሥራ አራት!

"አበቡ፣ ልጄ፣ ነይ ወደ ቤት እንሂድ" አለቻት።

አበቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። "የማን ቤት?" አለች።

ልክነሽ ከዚያ በቀጥታ የሄደችው የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሊቀመንበር ሀብተጊዮርጊስ ጋ ነው። ሀብተጊዮርጊስ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቅን ሰው ነው፤ ፈሪም ነው። ነገሩን ሲሰማ የስፌት መኪናውን አቆመና በሩን ዘጋ።

"ማታ ማታ ውቢት ቤት ላንድሮቨር ይዘው የሚመጡት ባለሥልጣን ናቸው?"

"ናቸው። መኪናቸው እዚያ ሲቆም ያላየ የለም።"

"እንግዲያው እሳቸውን አናነሳም። ልጅቷን ለአባቷ እንመልስ፣ ውቢትን እናስጠንቅቅ፣ በዚህ ይለቅ።"

"ለአባቷ? ሲደበድባት አይደል እዚህ የደረሰችው?"

"ታዲያ ሌላ የት አለ? አንቺ ንገሪኛ!" አለ ሀብተጊዮርጊስ፤ ድምፁ ቁጣ ይመስላል እንጂ ልመና ነበር። ልክነሽ የት እንዳለ አታውቅም። ቢሆንም ክሱን አስመዘገበች። ለቅዳሜ ተቀጠረ።

ቅዳሜ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ዳልጮ ታጥቦ፣ የሰው ኮት ተውሶ ለብሶ መጥቷል። ሳይጠጣ ሲታይ ያሳዝናል፤ ትከሻው ወድቋል። ውቢት ነጠላዋን አጣፍታ እንደ ለቅሶ ደራሽ ጨዋ ሆና ተቀምጣለች። አበቡ መሐል ላይ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ናት። ጥግ ላይ አባባ ኦይታና ሽማግሎቹ አሉ፤ እርጥቡ ሳር በእጃቸው ነው። ሀብተጊዮርጊስ ነው የጠራቸው።

ውቢት ልጅቷ የቤት ሠራተኛዋ መሆኗን፣ እንደ እናት እንደያዘቻት ተናገረች። ዳልጮ "ልጄ ናት፤ ከእኔ ሌላ ማን አላት?" አለ። ሀብተጊዮርጊስ ወደ ልጅቷ ዞረ።

"አበቡ፣ አባትሽ ይኸው መጥተዋል። ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ?"

አበቡ ጥግ ላይ ያለውን ሳር አየች።

"ተናገሪ፣ አትፍሪ።"

"እትዬ ውቢት ቤት ይሻለኛል" አለች አበቡ። ድምፅዋ ቀጭን ቢሆንም አልተንቀጠቀጠም።

አዳራሹ ተንጫጫ። አንዲት ሴትዮ "ኧረ ጉድ! ለምዶባት ነው!" አለች ጮክ ብላ። ልክነሽ ዞር ብላ ስታያት ዝም አለች።

"ለምን ይሻልሻል?" አለ ሀብተጊዮርጊስ።

"እዚያ አይመቱኝም።"

ልክነሽ በዕድሜዋ ብዙ ክፉ ነገር ሰምታለች፤ የባሏን መቅረት ሳይቀር በወረቀት ሳይሆን በዝምታ ሰምታለች። ይህን የመሰለ ግን ሰምታ አታውቅም። ልጅቷ የምትመርጠው ከሁለት ሲኦል ነው፤ እየተደረገባት ያለውንም ከዱላ ስለሚሻል ብቻ እንደ መጠጊያ ቆጥራዋለች። ያንን መጠጊያ ያስመረጣት ማን ነው? ዳልጮ ብቻ ነው እንዴ?

ሀብተጊዮርጊስ በቶሎ ሊገላገል ፈለገ። ለሽማግሎቹ ምልክት ሰጠ። አባባ ኦይታ በትራቸውን አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰጥተው ተነሱ። አማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም በወንድ ነው የሚጠሩት። "ይሄ ልጅ ወደ ቤቱ ይግባ፤ አባቱ ይቅር ይበለው" አሉና ሳሩን ይዘው በዳልጮ ፊት መንበርከክ ጀመሩ። ዳልጮ ከአሁኑ እንባው መጥቷል።

"አባባ ኦይታ፣ ይቆዩ" አለች ልክነሽ።

መናገሯን ያወቀችው ከተናገረች በኋላ ነው። ሽማግሌው ግማሽ ጉልበታቸው ታጥፎ ቀሩ። ሳር ይዞ የተነሳ ሽማግሌ ይቁም ብሎ የሚናገር ሰው በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም።

"ምን አልክ?" አሉ ሽማግሌው።

"የተበደለው ማነው አባባ? ባለፈውም ለዳልጮ ተንበረከካችሁ። አሁንም ለዳልጮ! ዓይኗ የተደፈነው እሷ ናት። ከንፈሯ የተሰነጠቀው እሷ ናት። ተናግራ አፏ በሳር የተዘጋው እሷ ናት። ያኔ የጠራኋችሁ እኔ ነኝ፤ አጥፍቻለሁ። ሳሩን ማንሳታችሁ ካልቀረ ለተበዳይዋ አንሱት። እሷን ለምኗት!"

"ለሕፃን?" አለ ከሽማግሎቹ አንዱ። "ሽማግሌ ለሕፃን ይንበረከካል?"

ልክነሽ አግዳሚውን ይዛ ቆመች። ቁጣዋ አልቆ ድካሟ ብቻ ቀርቶ ነበር። "እኔ እንጃ" አለች። "እኔ ከዚህ በላይ አላውቅም።"

አባባ ኦይታ ሳሩን አዩት። ከዚያ ዞሩ። ቀስ ብለው፣ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ወደ አግዳሚው ሄዱና በአበቡ ፊት ተንበረከኩ። ሳሩን ሊያቀርቡላት እጃቸውን አነሱ።

አበቡ እጁ ሲነሳ ስታይ ብልጭ ባለ ፍጥነት ክንዷን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ተጠቀለለች።

ሁሉም ሰው አየ። አንድ መቶ ምስክር ቢቆም ያንን ያህል አይናገርም ነበር። አባባ ኦይታ እጃቸውን በአየር ላይ አቆዩት፤ ከዚያ በጣም በዝግታ አውርደው ሳሩን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ እስክትገለጥም ድረስ ሳይነቃነቁ ጠበቋት። አበቡ በመጨረሻ በክንዷ ሥር አጮለቀች። ከሷ በታች ሆኖ የሚጠብቃት ትልቅ ሰው አይታ አታውቅም።

"ወደ አባትህ ቤት ትገባለህ ወይ?" አሏት።

"አባባ... እምቢ ካልኩ ጎሜ ይሆንብኛል?"

"አይሆንብህም" አሉ። "ጎሜው የእኛ ነው። እኛው ተሸክመነዋል።"

"እምቢ" አለች አበቡ።

ዳልጮ እንደሚታረድ በሬ ጮኸ። ማንም ቀርቦ አላጽናናውም፤ ማንም አልሰደበውምም። አባባ ኦይታ ሰዎች ደግፈው ሲያነሷቸው ሳሩን ለዳልጮ አልሰጡትም፤ ለማንም አልሰጡትም። እጃቸው ውስጥ እንደጨበጡት ወጡ።

ይህ ድል ይመስላል። እንዲመስላችሁ አልፈልግም። አዳራሹ ገና ሳይበተን ውቢት ተነሳችና "እንግዲህ አባቷን ካልፈለገች ልውሰዳት?" አለች፤ በትሕትና፣ እንደ ሕጋዊ ወራሽ። ሀብተጊዮርጊስ ወረቀቱን ያገላብጣል። ስለ ላንድሮቨሩ ሰውዬ አንድም ቃል አልተነገረም። ሊጠራው የደፈረ፣ ስሙን ያነሳ አልነበረም፤ ያን ሰዓትም ላይኛው ሰፈር ሴቻ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣ ነበር ይሆናል። ከክሱ ውስጥ የእሱ ድርሻ እንደዚያው ቀረ፤ እስከ ዛሬም እንደቀረ ነው።

ልክነሽ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤቷን አሰበች። ተደራርበው የሚተኙትን ልጆቿን አሰበች። ማረፍ ትፈልጋለች፤ ከምንም በላይ ማረፍ ትፈልጋለች።

"እኔ ጋ ትሁን" አለች።

ሀብተጊዮርጊስ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ "ልክነሽ፣ እኚያ ሰውዬ ይጠይቁሻል እኮ" አላት።

"ይጠይቁኝ። ቤቴን ያውቁታል፤ ስብሰባ ላይ ሁሌ የምቀመጠው ፊት ነው።"

ከአዳራሹ አብረው ወጡ። ውቢት ቤት የቀረ ዕቃ እንዳላት ልክነሽ ስትጠይቃት አበቡ የለኝም ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ልክነሽ ለእራት በሀለኮ ጎመን ኩርኩፋ ሠራች፤ የበቆሎውን ሊጥ ስታድበለብል ልጆቿ እንግዳዋን ከብበው ያዩዋታል። አበቡ በፍጥነት በላች። ከዚያ ሳህኖቹን ሰብስባ አጠበች፤ ወለሉን ጠረገች፤ ተይው ብትባልም አልተወችም። የሚሠራው ሁሉ ሲያልቅ ፊቷን ታጠበች፣ ፀጉሯን በጣቶቿ አስተካከለች፣ ቀሚሷን ጎተት አድርጋ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የምትጠብቀው ነገር ያለ ይመስላል።

"ምነው፣ አረፍ አትዪም እንዴ?" አለቻት ልክነሽ።

አበቡ ልጆቹ እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ማታ የሚመጣው ማነው?"

ልክነሽ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እጇ ላይ የነበረውን ጨርቅ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ደጅ አንዱ ልጅ ከሌላው ጋር ይጣላል፤ ጎረቤት ሬዲዮ ተከፍቷል።

"ማንም አይመጣም" አለች።

አበቡ እሺ አለች። እሺታዋ ግን እንዲህ ያለ ቃል ብዙ ጊዜ የሰማ ሰው እሺታ ነበር፤ ከበሩም ዓይኗን አላነሳችም። የአባቷን መሐላ ሰምታለች፣ የሽማግሎቹን ምርቃት ሰምታለች፣ "እንደ እናትሽ ቁጠሪኝ" መባልንም ሰምታለች። የልክነሽን ቃል ከእነዚያ የሚለየው ምን አላት?

ልክነሽ ተነሳች። በሩን ዘጋችና መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ለመዝጊያው ሰጠች። እግሯን ዘረጋች። ደክሟታል።

"እዚሁ ነው የምቀመጠው" አለች።

"እስከ መቼ?"

ልክነሽ ስለ ሰኞ አታውቅም ነበር። ላንድሮቨሩ ደጃፏ ላይ ይቆም እንደሆነ፣ ቤቱን ይነጥቋት እንደሆነ፣ ዳልጮ ጠጥቶ ይመጣ እንደሆነ አታውቅም። ለዚህች ልጅ የማትጠብቀውን ቃል የምትጨምርላት እሷ እንዳትሆን ፈራች።

"እስኪነጋ" አለች።

አበቡ ዓይኗን ከበሩ አነሳች። ከዚያ ጎንበስ አለችና ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።